ከግልገል ዓባይ ዳር የወጣው ጥቁር ግንድ ስለ ወንዙ ምን ሊነግረን ይችላል?

ጥያቄ፦ «ከወተት ዓባይ በታች ባለ ቀበሌ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ግልገል ዓባይ ዳሩን ገምሶ ሲወስደው፣ ከመሬቱ ወለል ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ትልቅ ጥቁር ግንድ ወጣ። ሽማግሌዎች ወንዙ ድሮ በወዲያኛው በኩል ይሄድ ነበር ይላሉ። የግንዱን ቀለበት ቆጥረን ወንዙ መንገዱን መቼ እንደቀየረ ማወቅ እንችላለን? ሰዎች ለማገዶ ሊፈልጡት ነው፤ ቶሎ ይመልሱልኝ።»

መልስ፦

መምህር፣ ከሁሉ በፊት መጥረቢያው ይቁም። ግንዱንም አያስጎትቱት። ለምን እንደምለምንዎት ከታች እነግርዎታለሁ።

የጥያቄዎ አጭር መልስ፦ ማወቅ ይቻላል፣ ግን ቀለበት በመቁጠር ብቻ አይደለም። ቀለበት ሲቆጥሩ የሚያገኙት ዛፉ ስንት ዓመት እንደኖረ ነው። መቼ እንደሞተ አይደለም። 180 ቀለበት ያለው ግንድ በአፄ ምኒልክ ዘመን የወደቀ ሊሆን ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የወደቀም ሊሆን ይችላል። ለወንዙ ታሪክ የምንፈልገው ደግሞ የሞተበትን ዓመት ነው። እሱም ቢገኝ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ግንዱ የተኛበት ጭቃና ጠጠር ላይ ነው ያለው። ግንዱ ተጎትቶ ከወጣ በኋላ ያንን ግማሽ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

በመጀመሪያ እንጨቱ ምን እንደሆነ እንይ። ጥቁረቱ አያታልልዎት። ብዙ ሰው ጥቁር ግንድ ሲያይ ወይ ከሰል ነው፣ ወይ የኖኅ ዘመን ነው ይላል። እንጨት ውኃ በጠገበ ጭቃ ውስጥ ሲቀበር አየር አያገኝም፤ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ደግሞ አየር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሳይበሰብስ ይቆያል። ጥቁረቱ የሚመጣው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር በውኃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ነው። የዕድሜ ምልክት አይደለም።

በጎጃም ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ዛፍ የሐበሻ ጽድ ነው። ቀለበቱ በዓይን ይታያል፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ እንጨቱም ቶሎ አይበሰብስም። ትንሽ ፋቅ አድርገው ቀላ ያለ ውስጥና የጽድ ሽታ ካገኙ ደስ ይበልዎት። ግራርና ዋንዛም ቀለበት አላቸው፤ ግን ለማንበብ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋሉ። ሾላና ዋርካ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበብ ቀለበት አይሰጡም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ሳንቆጥርም አንድ ነገር እናውቃለን። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በላዩ ያለው ሦስት ሜትር ደለል በሙሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው ማለት ነው። ከአዊ በኩል የወረደ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ገና የትናንት ነገር ነው። ይህን የምለው ላሳንስብዎት አይደለም። ሦስት ሜትር አፈር በአንድ ሰው ዕድሜ መከመሩን ማወቅ ራሱ ትልቅ ዜና ነው።

ጽድ ነው ብለን እንቀጥል።

ጎጃም ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። ክረምቱ አንድ ነው። ዛፉ ከሰኔ ጀምሮ ያድጋል፤ በመጀመሪያ ግድግዳቸው ስስ የሆነ ሰፋፊ ሕዋሳት ይሠራል፤ ያ ነጣ ያለው ክፍል ነው። ዝናቡ ሲያልቅ ጠባብና ወፍራም ግድግዳ ያላቸውን ሠርቶ ይዘጋል፤ ያ ጠቆር ያለው መስመር ነው። በጋውን ያርፋል። አንድ ክረምት፣ አንድ ቀለበት። ሁለት የዝናብ ወቅት ባለባቸው የደቡብ አካባቢዎች ዛፉ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል ነገሩ ይወሳሰባል።

እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር አንዲት ችግር ትፈጥራለች። በሰኔ 2010 ማደግ የጀመረው ቀለበት የሚዘጋው በመስከረም ወይም በጥቅምት 2011 ነው። እንቁጣጣሽ ቀለበቱን መሐል ላይ ትከፍለዋለች። በፈረንጆቹ ግን ሁሉም 2018 ውስጥ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ሲይዙ «የ2010 ክረምት» ብለው ይጻፉ። ዝም ብለው 2011 ካሉ አንድ ዓመት ይዛነፋል። በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ ዓመት ቀልድ አይደለም።

የሞተበት ዓመት የሚገኘው በማዛመድ ነው። ዝናብ በበዛበት ክረምት ጽዱ ሰፊ ቀለበት ይሠራል፣ ባነሰበት ጠባብ። አንድ አካባቢ ያሉ ጽዶች አንድ ዝናብ ስለሚጠጡ የሰፊና የጠባቡ ቅደም ተከተል ይመሳሰላል። ሁለት ነጠላ አጠገብ ለአጠገብ ዘርግተው ጥለታቸው የሚገጥምበትን ቦታ እንደመፈለግ ነው። ዛሬ በሕይወት ካለ ዛፍ ይጀመራል። የመጨረሻው ቀለበቱ ዓመት የታወቀ ነውና። በጎጃም ለዚህ ምርጡ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ያረጀ ጽድ በሌላ ቦታ ብዙ አልተረፈልንምና። ከዚያ የድሮ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ይፈለጋል። የምሰሶው የውጭ ቀለበቶች ከሕያው ዛፉ የውስጥ ቀለበቶች ጋር ከገጠሙ ሰንሰለቱ ወደኋላ ረዘመ። የተቀበረው ግንድ በዚያ ሰንሰለት ላይ አንድ ቦታ ከገጠመ፣ የመጨረሻ ቀለበቱም ካልጠፋ፣ የሞተበትን ዓመት ቁርጥ አድርገን እንናገራለን። ዘዴውን ሥርዓት ያስያዘው ኤ. ኢ. ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሪዞና ከአንድ ፍርስራሽ የወጣ የተቃጠለ አውታር ሕያዋን ዛፎችን ከጥንት ቤቶች እንጨት ጋር አገናኝቶለታል።

ጠባብ ቀለበት ሲፈልጉ የምታውቋቸውን ክፉ ዓመታት ያስቡ። የ77 ድርቅ የምንለው ረሃቡን ነው፤ ዝናቡ የከዳው ግን በ1976 ክረምት ነው። ስለዚህ በእንጨቱ ላይ መፈለግ ያለበት የ1976 ክረምት ቀለበት ነው፣ ማለትም 1984 እ.ኤ.አ.። የ1905 ክረምትም (1913 እ.ኤ.አ.) እንደዚሁ፤ ያን ዓመት የናይል ውኃ ከተለካ ወዲህ እጅግ ካነሰባቸው ዓመታት ዋነኛው ነው።

ይህ በእኛ አገር አይሠራም የሚል ካለ አይስሙት። ቀለበቱ በእርግጥ የዓመት መሆኑ በኢትዮጵያ ጽድ ላይ በራዲዮካርቦን (ከታች በማብራራው የዕድሜ ልኬት) ጭምር ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሙሉጌታ ሞክሪያ፣ አስቴር ገብረክርስቶስና ባልደረቦቻቸው ከላይኛው የዓባይ ተፋሰስ ዛፎች ረጅም የዝናብ ታሪክ አውጥተው አሳትመዋል። በጣም ደረቅ ዓመታት እየተደጋገሙ መምጣታቸውንም አሳይተዋል። የሕያዋኑ ዛፎች ሰንሰለት መነሻ አለው ማለት ነው። የጎደለው ወደኋላ የሚያስረዝመው የሞተ እንጨት ነው። የእርስዎን ግንድ ውድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ጽድ ግን ተንኮለኛ ዛፍ ነው። ክረምቱ መሐል ላይ ዝናብ ሲቋረጥ የውሸት ቀለበት ይሠራል። በክፉ ዓመት ደግሞ በአንዱ ጎን ሠርቶ በሌላው ይዘላል። ግንዱም ክብ ሳይሆን ጎድጎድ ያለ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ሙሉ ክቡ ያስፈልጋል፣ በሁለት ሦስት አቅጣጫ ይለካል። በተቻለ መጠንም አንድ ግንድ ብቻውን ባይሆን ይሻላል። አሸዋ የሚያወጡ ልጆች ካሉ ይጠይቋቸው። አንድ ግንድ ባለበት ዳር ብዙ ጊዜ ሌላም አለ።

ሰንሰለቱ ግንዱ ዘመን ድረስ ካልደረሰስ? ያኔ ራዲዮካርቦን አለ። ከዛፉ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት ግማሹ ስለሚጠፋ፣ የቀረውን ለክቶ እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ወደኋላ መገመት ይቻላል። የሚፈለገው ስንጣሪ እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ላለፉት 300 ዓመታት ያህል ልኬቱ ግልጽ አይደለም፤ ለአንድ እንጨት ሁለት ሦስት የተለያየ ዘመን ሊሰጥዎ ይችላል። ቀለበት የሚያድነን እዚህ ነው። ከአንዱ ግንድ፣ ለምሳሌ ከ10ኛው፣ ከ60ኛውና ከ110ኛው ቀለበት ናሙና ይወሰዳል። በመካከላቸው 50፣ 50 ዓመት እንዳለ አስቀድመን ስለምናውቅ ሦስቱ ልኬቶች አንድ ላይ የሚገጥሙበት ቦታ ጠባብ ይሆናል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ የኖረ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች የአየሩን የካርቦን 14 መጠን እጥፍ ሊያደርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ወንዙ ልምጣ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ቁልቁል ሲወርድ ብዙ አፈር ይሸከማል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዳከማል፣ የያዘውን ይጥላል፣ ይጠማዘዛል። በመታጠፊያው የውጭ ዳር ይገምሳል፣ በውስጥ ዳር አሸዋ ያስቀምጣል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ክረምት አቋርጦ አዲስ መንገድ ያወጣል፤ አሮጌው መንገድ ረግረግ ሆኖ በጭቃ ይሞላል። ሽማግሌዎቹ ያሉት ይህንን ነው፤ ፈጽሞ ተረት አይደለም። ግንዱ ለዚህ ምስክር የሚሆነው ግን እንዴት እንደተገኘ ስናውቅ ነው።

ግንዱ ቆሞ ከሆነ፣ ሥሩም በመሬት ውስጥ እንደተዘረጋ ካለ፣ ዛፉ የበቀለው እዚያው ነው። እሱ በሕይወት በነበረበት ዘመን ሁሉ ወንዙ በዚያ ቦታ አላለፈም፤ ደረቅ መሬት ነበር። የመጨረሻ ቀለበቶቹን ይዩ። ለብዙ ዓመት እየጠበቡ ሄደው ካለቁ፣ ደለል ቀስ በቀስ እየቀበረው ወይም ሥሩ ውኃ ውስጥ እየተዘፈቀ ነው የሞተው። ጤናማና ሰፊ ሆኖ ድንገት ካበቃ ደግሞ አንድ ትልቅ ሙላት ደርሶበታል ማለት ነው።

ግንዱ ተጋድሞ፣ ከሥሩ ጠጠር ከላዩ ጭቃ ካለ፣ አሮጌው የወንዝ መንገድ ውስጥ ነው ያለነው። ጠጠሩ ውኃው በኃይል ይሄድ የነበረበት ወለል ነው። ጭቃው የመጣው ወንዙ ከተወው በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ቅርፊቱ ወሳኝ ነው። ቅርፊቱና የሥር ጉንጉኑ አብሮት ካለ፣ ዛፉ ሩቅ አልተጓዘም፤ ከቅርብ ዳር ተገምሶ ወድቆ ቶሎ ተቀብሯል። የሞተበት ዓመት ወንዙ ያንን ዳር የበላበት ዓመት ነው ማለት ይቻላል፤ መንገዱን የተወው ከዚያ በኋላ ነው። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ጫፉ ተንከባሎ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ከሩቅ መጥቶ ይሆናል። ከዚያ የከፋም አለ። ወንዙ ከሌላ አሮጌ ደለል ውስጥ አውጥቶ ዳግም የቀበረው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ግንድ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጭቃው ከእኔ በኋላ ነው የመጣው»። ስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አይናገርም።

ቅርፊት ያለው ግንድ የሞተበትን ወቅት ጭምር ይነግራል። ይህን የምወደው የሥራው ክፍል ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለችውን የመጨረሻ ቀለበት በምላጭ አጽድተው በማጉያ መነጽር ሲያዩ፣ ነጣ ያለው ክፍል ብቻ ተሠርቶ ጥቁሩ መስመር ከሌለ፣ ዛፉ የሞተው ክረምቱ መሐል ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የሙላት ጊዜ ነው። ጥቁሩ መስመር ተሟልቶ ካለ በጋ ላይ ሞቷል። ያኔ ጎርፍን ከመክሰስዎ በፊት የመጥረቢያ ምልክት ይፈልጉ። ሰው ቆርጦት ሊሆን ይችላል።

ዛፉ ከመውደቁ በፊት የደረሰበትም ተጽፏል። ወንዝ ሥሩን ሲበላበት ጽድ ያጋድላል። ሲያጋድል በታችኛው ጎኑ ሰፋ ያለና ቀላ ብሎ የጠቆረ እንጨት መሥራት ይጀምራል፤ እምብርቱ ከመሐል ይሸሻል። ያ የጀመረበት ቀለበት ወንዙ ዳሩ ላይ የደረሰበት ዓመት ነው። ጎርፍ ያመጣው ድንጋይና ግንድ ቅርፊቱን ሲልጠውም ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳው የትኛው ቀለበት ላይ እንዳለ በመቁጠር የሙላቱ ዓመት ይወጣል። እንዲህ ያለ ጠባሳ የተገኘበት አንድ ግንድ ከብዙ ጤነኛ ግንድ ይበልጥብኛል።

ይህን በትልቁ የሠሩት ጀርመኖች ናቸው። ከራይን፣ ከማይንና ከዳኑብ ዳር፣ ከጠጠር ማውጫ ጉድጓዶች የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የባሉጥ ግንዶችን በርንድ ቤከርና ባልደረቦቹ አንድ ባንድ አዛምደው ከ10 ሺህ ዓመት በላይ የሚሄድ ያልተቋረጠ ሰንሰለት ሠሩ። ከዚያ ግንዶቹ በየትኛው ዘመን በብዛት እንደወደቁ አዩ። በአንዳንድ ዘመን ብዙ ዛፍ አንድ ላይ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ በሌላው ጸጥ ይላል። የወንዞቹ የቁጣና የዕረፍት ዘመን እንዲህ ወጣ። ልብ ይበሉ፣ እነዚያን ግንዶች ያወጡት ጠጠር የሚዝቁ ሠራተኞች ናቸው። የእኛ አሸዋ አውጪዎችም በየቀኑ እንዲህ ያለ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። የሚያገኙት ግን ከሰል ሆኖ ይቀራል። ይህ ያንገበግበኛል።

ለዓባይ ደግሞ ይህ ልዩ ትርጉም አለው። ካይሮ ላይ ሮዳ በሚባለው ደሴት የናይል ሙላት ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቧል፤ ዛሬ የሚታየው መለኪያ የተሠራው በ861 ነው። የሙላቱ ውኃ በአብዛኛው የሚሄደው ከእኛ ደጋ ነው። ግን የታችኛው አገር ልኬት ሺህ ዓመት ሲያልፈው እኛ ዘንድ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ያን ያህል ዘመን የተጻፈ ነገር የለንም። ያለን በጣና ወለል ያለው ጭቃ ነው፤ ከዚያ በተቆፈረ ናሙና ሐይቁ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ ታውቋል። ዓመት በዓመት የሚናገረው ግን እንጨት ነው።

አሁን ሥራው። ግንዱን እንዳለ ፎቶ ያንሱት፤ ከሩቅም ከቅርብም፣ አጠገቡ ሜትሮ ዘርግተው። ከላይኛው መሬት እስከ ግንዱ ያለውን ጥልቀት ይለኩ። ከላይ ወደታች የአፈሩን ንብርብር ይጻፉ፦ ዋልካ የት ነው፣ አሸዋ የት ነው፣ ጠጠር የት ይጀምራል። ጫፉ ወደየት እንደሚያመለክት፣ ሥሩ በየት በኩል እንደሆነ ይጻፉ። በስልክዎ የቦታውን ጂፒኤስ ይያዙ። ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ብቻ መጋዝ ይምጣ። በዳሩ ሥር ሲሠሩ ግን ይጠንቀቁ፤ የተገመሰ ዳር ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው።

ከሥር ጉንጉኑና ከቅርንጫፍ ራቅ ብሎ፣ ቅርፊቱ ካለበት ቦታ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ያስቆርጡ፤ ቢቻል ሁለት። ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። ውኃ የጠገበ እንጨት በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀለበቱም ይጣመማል። እርጥብ እንደሆነ በላስቲክ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ለራዲዮካርቦን የሚሆነውን ቁራጭ በአልሙኒየም ፎይል ለብቻው ይጠቅልሉ፤ ወረቀትና ጥጥ ራሳቸው ካርቦን ስላላቸው አያስነኩት። ዘይትም፣ ቫርኒሽም፣ መድኃኒትም አይቀቡት። ምልክቱን በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል። ቀስ ብሎ ከደረቀ በኋላ አንዱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ልስልሱ ድረስ ካሹት ቀለበቱ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ለተማሪዎችዎም ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

የቀረውን ግንድ ሰዎቹ ይውሰዱት። ለአናጢም ለማገዶም ቢሆን ቅሬታ የለኝም። ክቡን ግን በአቅራቢያዎ ላለ ዩኒቨርሲቲ፣ ለደን ወይም ለሥነ ምድር ክፍል ያሳውቁ፤ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም አለ።

ሽማግሌዎቹን ደግሞ አሁኑኑ ያናግሯቸው። ወንዙ የት ላይ እንደነበር በእግር ሄደው ያሳዩዎት፤ ማን እንደነገራቸው፣ በማን ዘመን እንደሆነ ይጻፉ። በ1957 እ.ኤ.አ. የዓባይ ተፋሰስ ከአውሮፕላን ፎቶ ተነስቷል። በድሮው ካርታ ሥራዎች፣ በዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ቢጠይቁ የአካባቢዎን ማየት ይቻላል። ወንዙ በፎቶው ላይ አሁን ባለበት መንገድ ከሆነ የሽማግሌዎቹ ታሪክ ከዚያ በፊት ነው። በወዲያኛው በኩል ከሆነ ደግሞ የምንፈልገው ዓመት ከ1957 ወዲህ ነው፤ ግንዱም ያንን ያጠብልናል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ወንዙ የቀበሌ ወይም የማሳ ድንበር ከሆነ፣ ይህ ግንድ ለድንበር ክርክር ማስረጃ ይሆናል ብሎ ማንም እንዳይጠብቅ። ወንዙ የት እንደነበር እንጂ መሬቱ የማን እንደነበር አይናገርም።

ፎቶውን ሲልኩልኝ ሁለት ነገር ይጻፉልኝ፦ ቅርፊት አለው ወይስ የለውም፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ነው ወይስ ጭቃ። ከዚያ ተነስተን ናሙናው የት መላክ እንዳለበት እንነጋገራለን።